የቅዳሜ እንጆሪ

አክስቴ ጸዳለ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የወሰድኩላትን ነገር ሁሉ በእጇ ዳብሳ፣ በአፍንጫዋ አሽትታ ነው የምትቀበለኝ። ባለፈው ሳምንት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ እንጆሪ በላስቲክ ዕቃ ደርድረው ሲሸጡ አየሁና አንዱን ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁት አላውቅም፤ እንጆሪ ከምገዛ ሌላ ብዙ ነገር መግዛት እችል ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለክሁ ይዤላት ወጣሁ። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ እንደ ድሮው በትእዛዝ ድምፅ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምሬ እንድዘፈዝፈው ነገረችኝ።

የገበያ ነው፣ መድኃኒት የተረጨ ነው፣ ትል የለውም አልኳት። አልሰማችኝም። ጎድጓዳ ሳህን አውጥቼ ውሃ አሞቅሁ፣ ጨው በተንኩበት፣ እንጆሪውን ገለበጥኩበትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። ጨው የነካው እንጆሪ የሚሸተው ሽታ አለ፤ አልቅሶ የተኛ ሕፃን ጉንጭ ሲስሙት የሚሸት ዓይነት ነው። ከዚያ ሽታ ስሸሽ ነው የኖርኩት። ሳህኑ ውስጥ እያየሁ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሶ መጣብኝ።

ያኔ እናቴና እኔ ላፍቶ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴም ስለሱ አታወራም። ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፣ ማታ ስትመጣ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ይኖራል፣ እኔ እየለቀምኩ ጣቴ ላይ እጠመጥመዋለሁ። ሰኔ ላይ ሆዷን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ኩላሊት ተባለ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታላቅ እህቷ፣ ይቺው አክስቴ፣ ከፉሪ መጥታ ልብሴን በፌስታል ቋጠረችልኝ። ያን ቀን እናቴ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። አፏ እንደመረራት፣ የሚጎመዝዝ ነገር ብቻ እንዳማራት ለአክስቴ ስትነግራት ሰማሁ። ለእኔ የነገረችኝ አክስቴን እንዳላስቸግር ነው። ሳመችኝና ወጣን። በማግስቱ ሆስፒታል ገባች፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ልጅ አያስገባም ተባልኩ።

የዛሬውን ፉሪ የሚያይ ሰው ያኔ ማሳ ነበር ብለው አያምነኝም። የአክስቴ ጭቃ ቤት ከአደ ብርቄ ግቢ ጋር ይዋሰናል። አደ ብርቄ፣ አደ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ነው፣ የቦታው ነባር ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ላሞቻቸውን እያለቡ፣ ወተቱን ወደ ከተማ እየላኩ፣ ጫልቱ የምትባል የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። አጥራቸው ሽቦም ቆርቆሮም አይደለም። ከወንዙ ዳር እስከ በረቱ ድረስ እሾሃም የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነው። በሐምሌ ዝናብ ፍሬው እየጠቆረ፣ እየወፈረ፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይፈርሳል።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን እንደ ዝንጀሮ ወረድኩበት። አፌ እስኪጠቁር ስበላ አደ ብርቄ የወተት ባልዲያቸውን ይዘው ቆመው እያዩኝ ይስቃሉ። ከዚያ አንዷን ፍሬ ከእጄ ወሰዱና በጥፍራቸው ከፈሏት። ውስጧ ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። አፌ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ተፋሁት። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ ትሉ ከእኔ በፊት ቀምሶታል፣ መጥፎ ቢሆን ኖሮ አይገባበትም ነበር አሉኝ። ሆኖም የከተማ ልጅ መሆኔን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ወደ ጓዳቸው ወስደው ዘዴውን አሳዩኝ።

ዘዴው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ውሃው ጣት የማያቃጥል፣ የማይቀዘቅዝም መሆን አለበት። ጨዉ ምላስ ላይ እስኪሰማ ይጨመራል። እንጆሪው ይገባና እሳቸው አንዲት ላም አልበው እስኪመለሱ ድረስ አይነካም። እኔ ቸኩዬ በስንጥር ልጎረጉር ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው ልጄ። በግድ ያወጣሽው እንደሆነ ፍሬውም አብሮ ይፈርሳል። ጨው ሲቀምስ ራሱ ቤቱን ለቆ ይወጣል» አሉኝ።

እውነትም ወጣ። አንድ በአንድ፣ ከየፍሬው፣ ቀጭን ነጭ ክር እየመሰሉ ወጡ። ውሃው ላይ ይተጣጠፉና ወደ ታች ይሰምጣሉ። ከዚያ በወንፊት ይጠለላል፣ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ ይታጠባል፣ ኮባ ቅጠል ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ አንዷን ቀመስኩ። ጎመዘዘኝ። ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ።

አክስቴ ቤት ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ነበር። አጥቤ እስከ አፉ ሞላሁትና ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ለጥየቃ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ሰጠኋት። እንዳይፈስ፣ እንዳይገለበጥ፣ ነርሶቹ እንዳይበሉት ስንት ጊዜ እንዳስጠነቀቅኋት! አክስቴ ሳቀችና ግንባሬን ሳመችኝ። ያ ሳቋ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስትስቅ አላየሁም።

ያን ቀን አልተመለሰችም። ቅዳሜም እሑድም ሰኞም እኔ አደ ብርቄ ቤት አደርኩ። ማክሰኞ ስትመጣ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ድምፅዋ ዘግቷል፣ ዓይኗ አብጧል። ጉንፋን ይዞኝ ነው አለችኝ። ሻሹስ ስላት የሰፈር ሰው ሞቶ ለቅሶ ሄጄ ነው አለች። እኔ የፈለግኩት ጠርሙሱን ነበር። ከቦርሳዋ አወጣች፤ ባዶ ነበር። በላችው ወይ አልኳት። በላችው አለች። ከደስታዬ ብዛት ግቢውን ዞርኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ስመነጠር እየዘለልኩ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉሪ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደደኝ። ባለሱቁ ሳሙና ስገዛ ከረሜላ ይጨምርልኛል። አደ ብርቄ መጀመሪያ የታለበውን ወተት ለእኔ ይቀዱና ጸጉሬን ቅቤ ይቀቡኛል። በበሩ የሚያልፉ፣ ስሜን የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ ቆመው ጭንቅላቴን ይዳብሱኛል። እኔ ይኼን ሁሉ የተረጎምኩት አንድ ነገር ብቻ አድርጌ ነው፤ ቆንጆ ሆኛለሁ። በአክስቴ ስባሪ መስታወት ፊቴን እያየሁ፣ የፉሪ አየር ተስማምቶኛል፣ እናቴ ስታየኝ አታውቀኝም እል ነበር። ኩራቱ ልክ አልነበረውም። ጫልቱን በጨዋታ ባሸንፋት ባላሸንፋት ተራው የእኔ ነው፣ ብመታት አትመልስልኝም። አንድ ቀን ለምን እንደማትመታኝ ጠየቅኋት። አያቷ ከልክለዋት ነው። ለምን ከለከሉሽ አልኳት።

«ስለምታሳዝኚ» አለችኝ።

የማሳዝነው ከተማ ስላደግኩና ላም ማለብ ስለማልችል ነው ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ማለብ ካልተማርኩ ብዬ አደ ብርቄን ነዘነዝኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቴ ትሄዳለች። እኔ ከሐሙስ ጀምሬ ስለቅም፣ ስዘፈዝፍ፣ ስጠልል እሰነብትና አርብ ማታ ጠርሙሱን ሞልቼ ራስጌዬ አስቀምጠዋለሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ ማታ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት መጣች። እናቴ ምን አለች አልኳት። አክስቴ ጫማዋን እያወለቀች ቆየች።

«ጎመዘዘኝ፣ ደስ አለኝ ብላለች» አለችኝ።

ይቺን ቃል እንደ ከረሜላ ሳምንቱን ሙሉ አፌ ውስጥ ይዣት ዞርኩ። እናቴ ከብዙ ቀን በኋላ አናገረችኝ። እንጆሪው አፏ ውስጥ ያለውን ምሬት አውጥቶታል ማለት ነው።

ፍልሰታ ገባ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጾመ፣ እኔም ጾምኩ፤ ግን የእኔ ጾም ስለት ነበረበት። አንድም ቀን ሳላጎድል ከጾምኩ ማርያም እናቴን ታድንልኛለች ብዬ ተሳልኩ። ለማንም አልነገርኩም። ችግሩ ጫልቱ ያመጣችው ነገር ነው፤ ትል ሥጋ ነው፣ ከነትሉ እንጆሪ የበላ ጾሙን ገድፏል አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ፍሬ አፌ አላስገባሁም። እጄ በእንጆሪ ጠቁሮ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ ሁሉንም ለጠርሙሱ አደረግኩ። ሁለቴ እዘፈዝፈው ጀመር። የጨው ውሃው ጣቶቼን እየሰነጠቀ፣ እሾሁ የቧጨረኝን እያቃጠለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስለቱ የሚጠነክር ይመስለኛል።

በጾሙ መካከል አንድ ቅዳሜ አክስቴ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። በር ላይ ነበርኩ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«ትል አለው ብላለች። ተጠንቅቀሽ አጽጂ» አለችና ገባች።

እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው በእግሩ ሲረግጠኝ እንኳ እንዲህ አያመኝም። በፍልሰታ እናቴን ሥጋ አበላኋት። የእኔ ጾም ተጠብቆ የእሷን አስገደፍኩ። ስለቱ ፈረሰ። አክስቴን ተከትዬ ገብቼ ተቆጥታለች ወይ አልኳት፤ አልተቆጣችም አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ የሠራሁትን ሥራ የሚያውቁት አደ ብርቄ ብቻ ናቸው። እያንዳንዷን ፍሬ ወደ ፀሐይ አንስቼ በቀዳዳዋ አያታለሁ። የተጠራጠርኩትን ሁሉ እጥላለሁ። ጠርሙሱን ለመሙላት ግማሹን አጥር መልቀም ነበረብኝ። አደ ብርቄ አንድ ቀን እጄን ይዘው አገላብጠው አዩትና በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ትል አገኙብኝ ብዬ ደነገጥኩ።

ፍልሰታ ሲፈታ ወደ እናቴ ውሰዱኝ አልኩ። ዓመት በዓሉ ይለፍ ተባልኩ። እንዴት ነች ስል ደህና ነች፣ መቼ ትወጣለች ስል በቅርቡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ ባለሱቁ ሳይቀር፣ ያውቅ ነበር። ለእንቁጣጣሽ አክስቴ አዲስ ቀሚስ ገዛችልኝ። ዶሮ ተሠራ፣ ፈረሰኛው ለእኔ ተሰጠኝ፣ ማንም ግን አልበላም፤ እኔ ስበላ ያዩኛል። የአጥሩ እንጆሪ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ለሚቀጥለው ጥየቃ ብዬ የመጨረሻዎቹን ለቅሜ፣ አጽድቼ፣ ጠርሙሱን ከአልጋዬ ሥር አኖርኩት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የእግር ኮቴ ሰማሁ። ስወጣ ግቢው ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሰዎች ተሞልቷል። ከመካከላቸው የላፍቶ ቤት አከራያችን እትዬ ዘነበች አሉበት። እሳቸውን ሳይ ልቤ ዘለለ። እናቴ ድና ቤት ገብታለች፣ ሊወስዱኝ ነው የመጡት። ሮጬ ተመልሼ ጠርሙሱን ከአልጋው ሥር አወጣሁና ሰጠኋቸው።

«እትዬ ዘነበች፣ ይኼን ለእማዬ ይስጡልኝ። አንድ በአንድ አይቼዋለሁ፣ ምንም ትል የለውም» አልኳቸው።

እትዬ ዘነበች ጠርሙሱን ተቀበሉኝና አዩት። ከዚያ ጠርሙሱን ለቀው ጭቃው ላይ ተቀመጡና ጮኹ። ጩኸታቸውን ሌላው ተቀበለ፣ አክስቴ ደረቷን ትደቃ ጀመር፣ አደ ብርቄ በአጥሩ ቀዳዳ እየሮጡ መጡ። እኔ ግን መጀመሪያ ያሰብኩት ትል አይተው ነው ብዬ ነው። ጎንበስ ብዬ ጠርሙሱን አነሳሁና ወደ ብርሃን አድርጌ አየሁት።

መርዶ እንዲህ ነው የደረሰኝ። እናቴ የሞተችው በሐምሌ ነው። ላፍቶ ተለቅሶ፣ ተቀብራ፣ አርባዋ ወጥቶ ነበር። እኔ ስዘል፣ ስለት ስሳል፣ ቆንጆ ሆኛለሁ ስል እናቴ አፈር ውስጥ ነበረች። ልጅ ናት፣ በዓሏን ትዋል፣ ክረምቱ ይውጣ ብለው ነው አሉ። ለእኔ አዝነው ነው። እንዲህ ያለ ሐዘኔታ ለጠላቴም አልመኝም። ሁሉም ሰው አልቅሶ ወጥቶለት ወደ ሥራው ሲመለስ እኔ ብቻዬን በመስከረም ጀመርኩት። ያኔም አብሮኝ የሚያለቅስ እንባ የቀረው ሰው አልነበረም።

ያኔ የሞተችበትን ወርም ሆነ ቀን ማንም አልነገረኝም፤ ሐምሌ መሆኑን የሰማሁት አድጌ ነው። ቤት ውስጥ ስለሱ ማንሳት ቀረ። ልጅ ደግሞ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላል፤ ስለዚህ ትሉ ነው የገደላት አልኩ። አድጌም፣ ነገሩ እንደማይሆን እያወቅኩ፣ ከውስጤ አልወጣም። ከእናቴ የቀረኝ የመጨረሻ ቃል ትል አለው የሚለው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አልለቀቅኩም።

ሳህኑ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። የገበያ እንጆሪም ትል አለው ለካ። አክስቴ ወጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እየወጣ ነው አልኳት። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ ያንን ሁሉ እንጆሪ የት ነበር የምታደርሺው አልኳት።

አልደነገጠችም። ስትጠብቀው የኖረች ትመስል ነበር። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ይዛ ሆስፒታል ስትገባ አልጋው ባዶ ነበር፤ እናቴ አርብ ማታ ነው ያረፈችው። ጠርሙሱን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የዚያን ቀኑን እንጆሪ ማን እንደበላው አታውቅም፤ ከለቅሶው ቤት ያገኘችው ባዶውን ጠርሙስ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሄደው መቃብሩ ጋ ነበር። ቤት ውስጥ እኔ ፊት ማልቀስ ስለማትችል እዚያ ሄዳ አልቅሳ ትመለሳለች።

«እንጆሪውንስ?» አልኳት።

«በላሁት። ስመለስ ታክሲ ውስጥ፣ እያለቀስኩ እበላዋለሁ። ምን ላድርገው? የእጅሽን ሥራ መንገድ ላይ ልድፋው?»

«እና ትሉ?»

«ትሉማ እውነት ነው። እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለች። «ግማሹን ነክሼ ሳይ ተንቀሳቀሰ። አፈር ውስጥ ያለችው እህቴ ትዝ አለችኝና የማደርገው ጠፋኝ። ቤት ስደርስ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ምን አለች ትዪኛለሽ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነገርኩሽ።»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር የዛሬ ሃያ ዓመት ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ልጮህባት ፈለግኩ። አሮጊት ናት፣ አታይም፣ እህቷን ቀብራ በእኔ ፊት ያላለቀሰች ሴት ናት። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቅር አላልኳትም። በወንፊት ጠለልኩት፣ ሁለቴ አጠብኩት፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

በጣቷ ዳብሳ አንዷን አነሳችና አፏ ውስጥ ከተተች። ፊቷ ተጨማደደ።

«ጎመዘዘኝ» አለች። «ደስ አለኝ።»

በዚያ ክረምት ሳምንቱን ሙሉ አፌ ውስጥ ይዣት የዞርኩት ቃል ይቺው ነበረች። እናቴ ለካ ምንም አላለችኝም። አክስቴ ሌላ ፍሬ ፈልጋ እጇን ዘረጋች፣ ሳህኑን አቀረብኩላት።